የጋፋት እቶን

በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ደባርቂ በተባለ ስፍራ፣ የቋራው ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ጦራቸውን አሰልፈው በግብጽ ወታደሮች ምሽግ ላይ ወረዱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ድል ያደርጉ የነበረው በፍጥነት፣ በድፍረትና በድንገተኛ አደጋ ነበር። ያን ቀን ግን ከምሽጉ ውስጥ የጠበቃቸው ሌላ ነገር ነው። ሰልፉን የማይፈታ፣ በትእዛዝ የሚተኩስ ወታደርና ከሩቅ ተናግሮ ሰውን ከነፈረሱ የሚያነሣ መድፍ። ጀግኖቻቸው ምሽጉን ሳይነኩ ወደቁ። ካሳ የተረፈውን ይዘው ወደ ደጋ ሲመለሱ አንድ ጥያቄ አብሯቸው ተመለሰ፤ ያ ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። ያ እሳት የሚተፋ ነሐስ በእኛ አገር ሊሠራ ይችላል ወይ?

ሰባት ዓመት አለፈ። ካሳ ተቀናቃኞቻቸውን አንድ በአንድ ድል ነሥተው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከባሕር ማዶም ያ ዓመት የመድፍ ዓመት ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር አብረው በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን የሩሲያን የባሕር ኃይል ወደብ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከበው 11 ወር ያህል ቀንና ሌሊት ይደበድቡ ነበር። ደረስጌ ላይ የዘውድ በዓል ሲከበር ክራይሚያ ላይ አረር ይዘንብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የዚያችን ከተማ ስም ሰሙ፤ አልረሱትምም።

ከጊዜ በኋላ የመንግሥታቸውን ከተማ ደብረ ታቦር አደረጉ። ከተማዋን ቀድሞ የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከሩቅ የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ይጠብቃታል። ከዚያው ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ፎገራን አጠጥተው ጣና ይገባሉ። አየሩ ብርድ፣ ክረምቱ ጭጋግና ዝናብ ነው። ለከብትና ለገብስ የተመቸ ደጋ እንጂ ነሐስ ለማቅለጥ ማንም የሚመርጠው አገር አልነበረም። መድፍ ሠሪም አልነበረም። በአገሩ የነበሩት ማረሻና ጦር የሚቀጠቅጡ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል የሚያወጡ ባለእጆች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ «ቡዳ» እየተባሉ ሰው የሚሸሻቸው፣ ማታ በመንገድ ሲገናኙ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ሰው እጁን በሚንቅበት አገር የእጅ ሥራ እንዴት ያድጋል? ንጉሡ መልሱን ሲፈልጉ ሳለ፣ ፈጽሞ ካልጠበቁት አቅጣጫ እንግዶች መጡ።

ዕድል የምትለው ነገር ካለ ይህ ነበር። የኢየሩሳሌሙ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ሚሲዮናዊ ሆነው የሠሩ ሰው ነበሩ። ወንጌልን እንደገና ወደዚህች አገር ለመላክ ሲያስቡ ቄስ ብቻ ሆኖ የሚመጣ ሰው በር እንደማይከፈትለት ያውቁ ነበርና፣ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች መረጡ። እየሠሩ የሚኖሩ፣ እየኖሩ የሚሰብኩ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ ንጉሡ በነገሡበት ዓመት መንገዱን ለመጥረግ መጡ። ንጉሡም ባለሙያ ከሆኑ ይምጡ አሏቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመጡት ሰዎች በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ በሣጥን ይዘው ሲቀርቡ፣ ቴዎድሮስ በአክብሮት ቢቀበሉም የባሩድ ሣጥን ቢሆን ይበልጥ ደስ ባላቸው ነበር ይባላል።

ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ በኋላም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ዛልሙለር፤ ስማቸው ለባላገሩ ጆሮ እንግዳ የሆነ እነዚህ ወጣቶች ከደብረ ታቦር አለፍ ብሎ ባለው ጋፋት በተባለ ኮረብታ ላይ መሬት ተሰጣቸው። ቤት ሠሩ፣ አትክልት ተከሉ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴት ልጆች አግብተው አማች ሆኑ። ጠመንጃ ይጠግኑ፣ የጋሪ መንኮራኩር ይሠሩ፣ መንገድ ያወጡ ነበር። ኑሯቸው ተደላድሎ የተመቸ መሰለ። አንድ ቀን ግን ከንጉሡ ትእዛዝ መጣ። መድፍ ሥሩልኝ የሚል።

ሚሲዮናውያኑ ደነገጡ። በመካከላቸው መድፍ አቅልጦ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ብረትና እንጨት ያውቃሉ፣ መጽሐፍ ቅዱስም ያውቃሉ፤ መድፍ ግን በሥዕል ያዩት ነገር ነበር። አንችልም አሉ። ንጉሡ አንችልም የሚለውን ቃል የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ሚሲዮናውያኑን አልነኩም፤ አገልጋዮቻቸውን ግን ይዘው አሰሩ። እስከሚስማሙም አይፈቱም ተባለ። የጋፋት ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ምግብ የሚያበስል፣ ከብት የሚጠብቅ ሰው አጥተው፣ የታሰሩትን የንጹሐን ሰዎች ስቃይም እያሰቡ፣ በመጨረሻ እንሞክራለን አሉ። ይህን የታሪኩን ክፍል ማለፍ አይገባም። ጋፋት ላይ የተገኘው ነገር ትልቅ ነው፤ መንገዱ ግን በሰንሰለት የተጀመረ ነበር።

ከእነሱ በፊትም የሞከረ ነበር ይባላል። ብረት ማቅለጥ ሙያው የሆነ አንድ ፈረንሳዊ እቶን ሠርቶ እሳት ቢያነድ፣ ነሐሱ ሳይፈስ እቶኑ ራሱ ከሙቀቱ ብዛት ፈረሰ። ሰውየውም ተስፋ ቆርጦ ወጥቶ ሄደ። የእሱ ውድቀት ለተተኪዎቹ ምንም አላወረሰም፤ ፍርሃት ብቻ እንጂ።

ችግሩ ምን እንደነበር ለመረዳት ትንሽ እሳቱ አጠገብ መቆም ያስፈልጋል። ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ነው። ለጦር ጫፍ የሚሆን ብረት የሚያግለው የባለእጁ ወናፍና ጥቂት ከሰል ለዚህ አይበቃም። እቶኑ የሚገነባበት ሸክላ ያን ሙቀት ካልቻለ ጡቡ አብሮ ይቀልጣል። ነሐሱ የሚፈስበት የአፈር ቅርጽ ጥቂት እርጥበት ካለበት ደግሞ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የቀለጠውን ነሐስ ወደ ሠሪዎቹ ፊት ይረጨዋል። ደብረ ታቦር ዝናብ የሚወድ አገር ነው፤ አፈሩም እርጥበት አይተወውም። የቀለጠው ነሐስ ካነሰ ወይም ፍሰቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ መድፉ ውስጡ ባዶ ይሆንና በመጀመሪያው ባሩድ ይሰነጠቃል። አንዱን ስሕተት ሲያርሙ ሌላው ይጠብቃቸው ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ተቆጥተው ይቀጡናል ብለው የፈሩት ሠሪዎች ያልጠበቁት መልስ ደረሳቸው። እንደገና ሞክሩ። እንደገናም ሞከሩ፤ እንደገናም ከሸፈ። የእያንዳንዱ ውድቀት ዋጋ ብዙ ነበር። የተሰበሰበው ነሐስ እንደገና መቆራረጥ፣ ከሰሉ እንደገና ከጫካ መክሰል፣ ሸክላው እንደገና መጠፍጠፍ ነበረበት። በየቀኑ ኮረብታውን የሚወጣውና የሚወርደው ባላገር ተሸክሞ ያመጣውን ሁሉ እሳት ሲበላው አየ። ከሠሪዎቹ መካከል ሚሲዮናዊ ያልሆነ አንድ ሰው ነበር፤ ሞሪትስ ሆል ይባላል። ከፖላንድ ከክራኮው የመጣ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በኋላ ክርስትና የተቀበለ ስደተኛ ነው። በመድፍ አቅላጭነት ስሙ የሚነሣው እሱ ነው።

በመጨረሻ እቶኑ ቆመ፣ ጡቡ ቻለ፣ ቅርጹ ደረቀ፣ ነሐሱም ፈሰሰ። ቀዝቅዞ አፈሩ ሲራገፍ ውስጥ ያለው ነገር ድንጋይ መስሎ የተጋደመ፣ ሙሉ የሆነ መድፍ ነበር። ትንሽ ነው፤ ግን ሙሉ ነው። ፍላጎታቸው ሳይሟላ ዓመታት የቆዩት ንጉሠ ነገሥት ይህን በዓይናቸው ሲያዩ የተሰማቸውን ደስታ በስፍራው የነበሩት አውሮፓውያን ጽፈውታል። ቴዎድሮስ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ከእንግዲህ በሐበሻ አገር ማንኛውንም ነገር መሥራት እንደሚቻል አምኛለሁ፤ ጥበቡ ተገኝቷል አሉ። ከዚያ መድፍ ይልቅ ያ እምነት የጋፋት ትልቁ ግኝት ነው ብዬ አስባለሁ። ደባርቂ ላይ የተነሣው ጥያቄ መልስ አገኘ። ነገር ግን ንጉሡ በዚያ መልስ አላቆሙም።

ጋፋት ከዚያ በኋላ እረፍት አላገኘችም። መድፍ በተከታታይ ተሠራ፤ እያንዳንዱም ከቀድሞው ይበልጥ ነበር። ንጉሡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ወደ ኮረብታው ላኩ፤ ፊደልም ሙያም እንዲማሩ። ንቀት የለመደው የባለእጅ ሙያ በንጉሥ ፊት የሚከበርበት ስፍራ ተገኘ፤ በዚያ ዘመን ይህ እንዲህ ቀላል ነገር አልነበረም። የመሞከር ጉጉታቸውም በመድፍ አላበቃም። ወደ ጣና ወርደው በደንገል ተሠርቶ በሰው እጅ በሚዞር መንኮራኩር የሚሄድ መርከብ ለመሥራት ጣሩ። በኋላ ከእንግሊዝ መንግሥት የተላኩት ሆርሙዝድ ራሰምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ሙከራውን በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል። መርከቡ የታሰበውን አላደረገም። ንጉሡ ግን እንደ ልማዳቸው ከውድቀቱ ይልቅ ቀጣዩን ሙከራ ያስቡ ነበር።

በዚህ መካከል ግን ሰማዩ ጠቆረ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነትን የሚሻ ደብዳቤ ልከው ነበር። ሎንዶን ደብዳቤውን መልስ ሳትሰጠው መደርደሪያ ላይ ተወችው። ዝምታው ያስቆጣቸው ንጉሥ የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን ከነባልደረቦቹ አሰሩ። መልስ ይዞ የመጣው ሆርሙዝድ ራሰምም በ1858 ዓ.ም. ተራውን ታሰረ። ፍላድ ደግሞ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ተላከ። የተላኩት ሠሪዎች ምጽዋ ድረስ ደርሰው ወደ ደጋው ሳይወጡ ቀሩ። በአገሩ ውስጥም ሸፍቶ ያልተነሣ ክፍለ ሀገር ጥቂት ነበር። ጎንደር ተቃጠለች። የቴዎድሮስ ግዛት ከዓመት ዓመት እየጠበበ፣ መድፋቸው ግን ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ሄደ።

ያኔ ነው ሁሉንም የሚያስንቀው ትእዛዝ ወደ ጋፋት የወጣው። እስከ ዛሬ ከሠራችሁት ሁሉ የሚበልጥ። ሠሪዎቹ ነገሩን ያውቁታል፤ ትንሽ መድፍ ማቅለጥና ይህን ማቅለጥ አንድ አይደለም። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ነሐስ በአንድ ጊዜ ቀልጦ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። ከጉድጓዱ ውስጥ የተተከለው ቅርጽ ቢሰነጠቅ፣ ከእቶኖቹ አንዱ ቢዘገይ፣ የዓመት ድካም በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሆኖም ሠሪዎቹ ያን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ውድቀቶች የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ነሐሱ ፈሰሰ። ሲቀዘቅዝ አፈሩ ተቆፈረ። አጭር፣ ወፍራም፣ አፉ ሰፊ፣ ወደ ሰማይ የሚተኩስ የሞርታር ዓይነት መድፍ ከጉድጓዱ ወጣ።

ስሙ ሴባስቶፖል ሆነ። በነገሡበት ዓመት በመድፍ የተደበደበችው የጥቁር ባሕሯ ወደብ ስም ከጉና ሥር በነሐስ ላይ ታተመ። በክራይሚያ ጦርነት ኃያላኑ መንግሥታት ጥንካሬያቸውን የለኩባትን ከተማ ስም ለመድፋቸው ሲሰጡ፣ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከእነሱ እኩል ሊያደርጉ እንደፈለጉ ግልጽ ነው። አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር። ይህን ግዙፍ ነገር ማን፣ በምን መንገድ ይወስደዋል?

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ አምባ ጉዞ ጀመሩ። እስረኞቹን ለማስፈታት የሚመጣው የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ለመውረድ እየተዘጋጀ ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩት፤ ዝሆኖቹ መድፍ ይሸከማሉ። የቴዎድሮስን መድፍ የሚሸከም ዝሆን አልነበረም። ሰው ነበር። ሴባስቶፖልን ብቻ 500 ያህል ሰው በገመድ ይጎትተው ነበር ይባላል። የጋፋት ሠሪዎችም የሠሩትን መድፍ ተከትለው ከነቤተሰባቸው አብረው ተጓዙ።

መንገዱ መንገድ አልነበረም። ከጋይንት አልፎ እስከ ጨጨሆ ገደል፣ ከዚያም የዋድላ ሜዳ፣ ቀጥሎ የጅጣ ሸለቆ፣ ከዳላንታ ባሻገር ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው በሽሎ ነበር። ሠራዊቱ መድፉ ከመድረሱ በፊት ዳገቱን እየቆረጠ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ቋጥኝ በባሩድ እየፈለጠ መንገድ ይሠራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከወታደሩ ቀድመው ወርደው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ስድስት ወር ፈጀ። የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ የመጣው የካርታና የጉዞ አዋቂ ክሌመንትስ ማርክሃም በኋላ ያን መንገድ ሲያይ በአድናቆት ጽፎለታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ናፒየር በሌላ አቅጣጫ ወደዚያው አምባ ይገሠግሥ ነበር። ሁለት ጉዞ፣ አንድ መድረሻ። ማን ይቀድማል?

ቴዎድሮስ ቀደሙ። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ከመድፎቻቸው ጋር መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 3፣ የስቅለት ዕለት፣ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሥር ያለው አሮጌ ሜዳ ላይ ሲታይ፣ መድፎቹ ከፋላ አምባ ላይ ሆነው ተኮሱ። ከፍታው ግን ጠላታቸው ሆነ። አረሩ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አልፎ ይወድቅ ነበር። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱም ባሩዱ ከልክ በላይ ገብቶበት በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሜዳው ላይ ጦሩን መርተው ሲወርዱ ወደቁ። በዚያ ቀን 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ እንግሊዞቹ የመቅደላን በር ሲሰብሩ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ከመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሞትን መረጡ።

ናፒየር መቅደላን አቃጥሎ፣ የያዛቸውን መድፎች ሰባብሮ፣ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወጣ። ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ። የጋፋት ሰዎችም ከጦሩ ጋር አገሩን ለቀው ተበተኑ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በስተርጅናም በዚያች አገር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲሠራ ደከመ። ፍላድ ሕይወቱን ለቤተ እስራኤል ወንጌልን በማዳረስ ፈጸመ። መድፍ አቅላጩ ሞሪትስ ሆል ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ጋር ያፋ ወደብ ወርዶ ሰፈረ። በዚያው ዓመት መቅደላ ላይ የተወለደች ሴት ልጁ ማግዳሌና ተባለች፤ የእሷ የልጅ ልጅም ዓለም የሚያውቀው ተዋናይና ጸሐፊ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።

ዛሬ ባሕር ዳርን ለቀህ የፎገራን ሜዳ አቋርጠህ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ የሚያስቆሙህ ነገሮች ብዙ ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር ችቦው፣ ሙልሙሉና የጅራፉ ጩኸት ሌላ ዓለም ነው። ከከተማዋ ጥቂት አለፍ ብሎ ጋፋት አለች። የደቡብ ጎንደር ጉብኝት ከእሷ መጀመር አለበት ብዬ የማምነው በአፍሪካ ታሪክ ውስጥ ንጉሥ ከዓለም ጋር ለመተካከል የውጭ መሣሪያ መግዛትን ትቶ የሠሪን እጅ ያሰባሰበበት ስፍራ ጥቂት ስለሆነ ነው። ተማሪዎች ጋፋትን ካዩ በኋላ በዚያው መንገድ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ቢወርዱ፣ የሠራዊቱን የስድስት ወር ልፋት በአንድ ቀን መኪና ጉዞ ይመዝኑታል። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል ምስል ነው፤ እውነተኛው ከጋፋት ጉድጓድ የወጣው ነሐስ ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ሊያየው የሚወጣም ሰው የአምባውን ዳገት በእግሩ ይወጣል።